ለምዱና ጥቁሩ ሥር

ተረት ተረት።

የላም በረት።

ጠጋ በሉ እንጂ! ከዚያ ማዶ ሆኖ የሚመልስ ሰው ጉዱ ሲመጣ አይሰማውም፤ የዛሬው ደግሞ ጉድ ነው።

በድሮ ዘመን ቲቤት በሚባል፣ ደመና ከሰው እግር በታች በሚሄድበት አገር፣ የብረት ተራራ የሚሉት ተራራ ነበር። የተቀደሰ ነው። ሰው ዙሪያውን እየዞረ ይሳለመዋል እንጂ ጠጠር እንኳ አያነሣበትም። በጫፉ ላይ የመድኃኒት ትምህርት ቤት አለ። እዚያ የተማረ ሰው በሦስት ጣቱ ደም ስር ይዳስስና በሽታህ ይኸ ነው ይላል። የእናትን እጅ ከያዘማ ባሕር የተሻገረ ልጇን ደኅንነት ይናገራል። የእናትና የልጅ ደም አንድ ወንዝ ነው ይላሉ።

እዚያ ዮንተን የሚባል ተማሪ ነበረ። ዮንተን ማለት በቋንቋቸው ዕውቀት ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ቸኩሏል። አብረውት የጀመሩት ሁሉ አዋቂ ሆነው ወርደዋል። እሱ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት፣ ጢሙ ደረቱን ነክቶ ገና ተማሪ ነው። ሕፃን ሆኖ በበግ ለምድ ተጠቅልሎ ከበሩ ሥር ስለተገኘ ጓደኞቹ ለምዱ ይሉታል። «አንተ ለምዱ፣ በጉ ሳይቀድምህ እለፍ እንጂ» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ከተራራው ቢባረር የሚገባበት ቤት የለውማ።

ፈተናቸው እንዲህ ነው። ዓይናቸው በጨርቅ ይታሰርና ሥር ይሰጣቸዋል። ቀምሶ፣ ተፍቶ፣ ስሙን መጥራት ነው። የዋጠ ግን ከተራራው ይወርዳል፤ ሕጉ ነው። ምክንያቱም ሁለት መንትያ ሥሮች አሉ። ጥቁሩ ሥር መርዝ ነው። ነጩ ሥር የጥቁሩ ማርከሻ ነው። በጣዕም ደግሞ ለመለየት ያስቸግራሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ለዮንተን አንዱ ደረሰው። ቀመሰው። ነጩ መሰለው። ደግሞ ቀመሰው። ጥቁሩ መሰለው። ምላሴ ባያውቀው ጉሮሮዬ ያውቀው ይሆናል አለና ጥቂት ዋጥ አደረገ! ከዚያም ነጩ ነው አለ። ትልቁ መምህር የኔታ ጌሌክ ውጤት የሚናገሩት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። መዋጡንም ማንም አላየ።

ትንሽ ቆይቶ ከንፈሩ ነዘረው። ብርድ ነው አለ። ምላሱ ደነዘዘ። ፍርሃት ነው አለ። ልቡ እንደ ፈረስ ጋለብ ያደርግና ቆም ይላል። ነጩ ነው ብያለሁ፣ ነጩ ደግሞ ሰው አይጎዳም አለና ራሱን አጽናና። ቢናገር ይባረራላ። ወደ ሥራው ሄደ።

ከቀትር በኋላ ዩድሮን የምትባል አሮጊት ሦስት ቀን በእግሯ ተጉዛ ደረሰች። አንድ ከረጢት በሶ አዝላለች። ተማሪዎቹ ቡትቶዋን አዩና አንዱ ቅጠል ላሰጣ፣ ሌላው ሥር ልውቀጥ እያለ ሸሸ። እሷን ለለምዱ ተዉለት። የኔታም አጠገቡ ተቀመጡ።

አሮጊቷ ልጅ እንዳላት ተናገረች። በስለት የሰጠችው ነው። ስሙን መጠየቅ፣ ፊቱን መፈለግ ስለት ማፍረስ ነውና ለማን እንደሰጠችው አትናገርም። ግን እርጅና መጣባት። መኖሩን ብቻ ከእጇ አንብበው ይንገሯት።

ዮንተን ሦስት ጣቱን አሳረፈ። በዕድሜው ሙሉ ዝም ሲለው የኖረ ደም ስር በዚያች ቀን አናገረው፣ እናንተዬ።

«እማማ፣ ልጅዎ አለ» አላት።

አሮጊቷ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ግን ጣቱን አላነሣም። ምላሱ እየተሳሰረ ቀጠለ፦

«ግን ዛሬ ጠዋት ጥቁሩን ሥር ውጧል። አፉ ደንዝዟል። ልቡ ይጋልብና ይቆማል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነጩን ካልጠጣ አለቀለት። ምን ዓይነት ሞኝ ነው እማማ፣ እንዲህ ሆኖ ዝም ብሎ የሚቀመጥ?»

ይህን ብሎ የኔታን አያቸው፤ መቼም ዛሬ ያመሰግኑኛል ብሎ። የኔታ ግን ፊታቸው አመድ መስሏል።

የኔታም አሉ፦ «ጥቁሩ ሥር ከዚህ ተራራ በቀር የትም አይበቅልም። ከመድኃኒት ሣጥናችን የወጣውም ዛሬ ጠዋት ለፈተናው ብቻ ነው። እናቴ፣ ልጅዎን ለማን ሰጡት?»

«ስለቴን አታስፈርሱኝ፣ የኔታ።»

«ልጁ ሊሞት ነው።»

 አሮጊቷም እንዲህ አለች፦

«ለዚሁ ተራራ ነው። በረዶ አገሩን በበላው ዓመት ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲልብኝ፣ ካዳናችሁት የእናንተ ይሁን ብዬ፣ በበግ ለምድ ጠቅልዬ ከበሩ ሥር አስቀመጥሁት።»

 ያ ሥር ልውቀጥ ብሎ ሸሽቶ ከጥግ ሲያዳምጥ የነበረው ተማሪ ዘነዘናው ከእጁ ወደቀ። ሁሉም ወደ ለምዱ ዞሩ። ለምዱም ማንን እንደሚያዩ ሊያይ ወደ ኋላው ዞረ!

የኔታም ምላሱን አስወጥተው በመርፌ ወጉት። አልተሰማውም። መርፌውን አየ። ከዚያም በአሮጊቷ እጅ ላይ የቀሩትን ሦስት ጣቶቹን አየ። ያን ጊዜ ገባው። ገባውና እዚያው ዘፍ አለ።

ነጩ ሥር እየተሮጠ መጣ፣ ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ። ጉሮሮው ግን አልቀበል አለ። ያን ጊዜ ዩድሮን ተማሪዎቹን ገፈታትራ ገባች። መድኃኒቱን በበሶዋ ለወሰችና በጣቷ እየቆነጠረች፣ እንደ ሕፃን ጉሮሮውን ዳሰስ ዳሰስ እያደረገች አስዋጠችው። አንድ ጉርሻ። ቆየት ብላ ሌላ። ፀሐይ ተራራውን ስትነካ ዓይኑን ገለጠ።

«አንቺ ነሽ?» አላት።

ቅድም እርስዎ ያላትን ሴት አንቺ አላት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

የኔታ ግን የጀመሩትን የማይተዉ ሰው ነበሩ።

«ዮንተን፣ ጠዋት የቀመስከው ምን ነበር?»

«ጥቁሩ ነበር፣ የኔታ።»

«አለፍክ።»

ተማሪዎቹ ሊያቅፉት ሲነሡ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«የዋጠ ግን ይወርዳል። ነገ ትወርዳለህ።»

ሁሉም ደነገጡ። ዩድሮን የኔታ እግር ላይ ወድቃ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስለቴን ስላፈረስሁ ነው፣ እሱን አትንኩት አለች። የኔታ ጎንበስ ብለው አነሷትና አሏት፦

«ሕጉ እንደሆነ አይታጠፍም። እርስዎ ግን ምንም አላፈረሱም። ስለትዎን ተራራው ራሱ መለሰልዎ፤ ይዘውት ይግቡ።»

በማግስቱ እናትና ልጅ ተያይዘው ወረዱ። ዮንተንም የአገሩ መድኃኒተኛ ሆነ። በሽተኛ ሊጠይቅ ሄዶ ሲቆይ ጎረቤቶች ልጅሽ የት ቀረ ይሏታል። ዩድሮን ፊደል አልቆጠረች፣ ተራራ ላይ አልተማረች። ሦስት ጣቷን በገዛ እጇ ላይ ታሳርፍና ትንሽ ታዳምጣለች። ከዚያም፦

«ደኅና ነው። ርቦታል እንጂ» ትልና በሶዋን ትለውሳለች።

እኔም ተረቴን ጨረስሁ። በሉ እጄን ዳስሱልኝ፤ የእኔም ደም ስር ርቦታል ይላል። ተረቴን መልሱና አፌን፣ ዳቦ ቢጠፋ፣ በበሶ አብሱልኝ።