ስድስት ዙር ሜዳ

ከሀሮዬ ከተማ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙን ሲሻገሩ የሚገኘው ገላጣ ሜዳ ስድስት ዙር ይባላል። መሐሉ ላይ የቁልቋል ጫካ አለ፤ በጫካው ዙሪያ ደግሞ ሣር የማይበቅልበት፣ እንደ ቀለበት የዞረ መሬት አለ። ክረምት ገብቶ ሜዳው ሁሉ ሲለመልም ያ ቀለበት ብቻ መላጣውን ይቀራል። እንግዳ ሰው ሲያየው «አውድማ ነበር እንዴ?» ይላል። አይደለም። ፒካፕ የሚሽቀዳደምበት ነበር ይባላል። እሽቅድምድሙ ሰባት ዙር ነው፤ ሜዳው ግን ስድስት ዙር ተብሎ ቀረ።

እንደሚነገረው መጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ አልነበረም። የሀሮዬ ሰው ሽንኩርት ማልማት ሲጀምር የሁሉም ሽንኩርት በአንድ ሳምንት ይደርሳል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ገበያ ልውጣ ይላል፣ ከሩቅ የሚመጣው ነጋዴ ደግሞ ከፊት የቆሙትን መኪኖች አራግፎ የኋላዎቹን ፀሐይ ላይ ትቷቸው ይሄዳል። በተራ የተነሳ ጠብ በዛ። አንድ ቀን በዱላ ከተፈነካከቱ በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡና፣ በየዓመቱ የመጀመሪያው ሽንኩርት ሳይነቀል ባለ ፒካፖቹ ሜዳው ላይ ሰባት ዙር ይሽቀዳደሙ፣ የቀደመው ዓመቱን ሙሉ በገበያው አንደኛ ይቁም፣ ሌላውም እንደ አገባቡ ይከተል ብለው ደነገጉ ይባላል።

ፒካፕ ባዶውን ሲሮጥ ኋላው ይቀላል፤ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። መጀመሪያ አሸዋ በጆንያ ጫኑበት። አሸዋ ግን መኪናው ሲታጠፍ አያዘነብልም። ስለዚህ ሰው መጫን ጀመሩ። ከጋቢናው ኋላ ብረቱን ጨብጦ የሚቆም፣ መታጠፊያው ሲመጣ ሰውነቱን ወደ ውስጥ የሚጥል ወፍራም ሰው፤ «ክብደት» ይሉታል። በዚያ አቧራና በዚያ የሞተር ጩኸት ቃል ስለማይሰማ፣ ክብደቱ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፉ ይደበድባል፤ እየደበደበ እስከሄደ ድረስ ደህና ነው ማለት ነው። አንድ ሌላ ልማድም ነበራቸው። ወደ ኋላ የሚያይ ሹፌር ፈሪ ይባል ስለነበር፣ ሊነሱ ሲሉ ሁሉም ስፖኪዮአቸውን ወደ ሰማይ ያዞሩታል። ጀግንነት መስሏቸው ነው።

ከነዚያ ሹፌሮች አንዱ ሙሄ ነበር። ሙሄ ቁጭ ማለት አያውቅም ይባላል። ሰው ቤት ገብቶ ምግብ ሲቀርብለት ቆሞ ይጎርሳል፣ እያወራ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ከገባበት እግሩ ሳይሞቅ ይወጣል። ሦስት ዓመት በተከታታይ መጨረሻ ወጥቶ፣ ሦስት ዓመት ሽንኩርቱ ተራ ሲጠብቅ ፀሐይ ላይ ሸቷል። በአራተኛው ዓመት፣ ዘንድሮም ከኋላ ከቆምኩ መኪናዋን ጥዬ በረሃ እወርዳለሁ ብሎ ማለ። ታላቅ ወንድሙ ይመር ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ዝግ ያለ፣ ሲስቅ ከነሆዱ የሚስቅ። የሙሄ ክብደት እሱ ነበር።

«አንተ በረሃ ከወረድህ እኔ ማን መኪና ላይ ልወፍር ነው?» ይለው ነበር አሉ።

የእሽቅድምድሙ ዕለት ስድስት ፒካፖች ተደርድረው ሞተራቸው ሲያጓራ፣ ከሙሄ ጎን የቆመው ሸጋው የተባለ ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሙሄ! ወንድምህን ነው የጫንኸው በሬ? ጎማህ እኮ እያለቀሰ ነው!»

ይመር ከላይ ሆኖ መለሰለት። «በሬውማ ያንተ መኪና ላይ ነው። መሪ ይዟል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሄ አልሳቀም፤ ማርሹን እያስገባ ያወጣል። የይመር ሚስት ዘሀራ ወደ መስኮቱ ቀረበች።

«ሙሄ፣ እንደ ወሰድኸው መልስልኝ።»

«ከነሆዱ» አላት፤ ፊቷን ግን አላየም። እጁን ሰዶ ስፖኪዮውን ወደ ሰማይ አዞረ።

ዳኛው ሽማግሌ አያ አራጋው ፎጣቸውን ጣሉ፤ ስድስቱም ተፈተለኩ። በመጀመሪያው ዙር ሙሄ እንደ ልማዱ ከኋላ ነበር፣ የአምስት መኪና አቧራ እየጠጣ። በሦስተኛው ሁለቱን አለፈ። በአራተኛው ሌላ ሁለት። የይመር መዳፍ ጣሪያው ላይ ድም ድም ይላል፤ መታጠፊያው በመጣ ቁጥር ያ ሁሉ ሰውነት ወደ ውስጥ ሲወድቅ መኪናዋ መሬቱን ነክሳ ትዞራለች። በአምስተኛው ዙር ማብቂያ ከሸጋው ጋር በር ለበር ሆኑ። በስድስተኛው፣ ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት በማይታየው በቁልቋሉ ጀርባ በኩል፣ ሙሄ ከውስጥ በኩል ሰንጥቆ አለፈው።

ከመታጠፊያው ሲወጣ የይመር መዳፍ ዝም አለ።

ሹፌር መኪናውን በመቀመጫው ያውቃታል። ኋላዋ ቀለለ፤ ጅራቷን ወዲያና ወዲህ መወርወር ጀመረች። ሙሄ ከውስጥ ሆኖ ጣሪያውን በጡጫ መታ። መልስ የለም። እንደገና መታ። ዘሎ ወርዶ ይሆናል አለ በልቡ። አቧራው ለስላሳ ነው። ከኋላ ያለው ያየዋል። እግሩ ግን ነዳጁን አልለቀቀም፤ ከፊቱ ንጹሕ መንገድ ነበር፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም አቧራ ያልነካው መንገድ፣ መኪናዋም ስለቀለለች ይብስ ትበራለች።

ስድስተኛውን ዙር ዘግቶ በሽማግሌዎቹ ፊት ሲያልፍ ሕዝቡ እልል አለ። ከእልልታው መሐል ዘሀራን አያት። እጇን አናቷ ላይ አድርጋለች። የምታየው እሱን አልነበረም፤ የመኪናዋን ኋላ፣ ባዶውን ነው።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንደነዳ ራሱም አያውቀውም ይባላል። ሰባተኛው ዙር ላይ፣ የቁልቋሉ ጀርባ ከመድረሱ በፊት፣ መታጠፊያው ላይ ቀደም ብለው ያለፉት መኪኖች ያስነሱት አቧራ ግድግዳ ሆኖ ቆሞ አየ። ፍሬኑን ረግጦ መሪውን ጠመዘዘና፣ ከኋላ የሚመጡት እንዳያልፉ መኪናዋን መንገዱ ላይ አጋደማት። ሸጋው መጥቶ ጎኗን ገጨው፤ የጭነቱ የጎን መከለያ፣ ስፖንዳው፣ ተገንጥሎ ወደቀ። ሌሎቹ እየተንሸራተቱ ቆሙ። አንድ በአንድ ሞተሮቹ ጠፉ።

ሙሄ ወርዶ አቧራው ውስጥ ገባ።

«አያ ይመር! አለህ?»

በአራት እግሩ ሆኖ መሬቱን በመዳፉ እየዳሰሰ ሄደ። ቁልቋሉ ሥር አገኘው። አንድ እግሩ ያለ ቦታው ታጥፏል፤ ከራሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት የጎማ ዱካ አልፏል። ፊቱ ሁሉ አፈር ነው፤ ዓይኖቹ ብቻ ይንከራተታሉ።

«ስንተኛ ወጣን?» አለ ይመር።

«ዝም በል አያ።»

«ዝም ብዬማ ተኝቼ ነበር። ስንተኛ?»

በተገነጠለው ስፖንዳ ተሸክመው ወሰዱት። ወጌሻው እግሩን መለሰለት፤ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ግን አነከሰ ይባላል።

በማግሥቱ ሽማግሌዎች ሰውን ሰበሰቡ። ሰባተኛው ዙር ቅዳሜ ይደገም ያሉ ነበሩ። ሸጋው ግን ተነሳና «ምን ይደገማል? ሰውዬው ሊቀድም ግማሽ ዙር ብቻ ቀርቶት ለወንድሙ ብሎ ቆመ። አንደኝነቱን ስጡት» አለ። ሰው ሁሉ «እውነት ነው! ወንድሙን ያዳነ!» አለ።

ያኔ ነው አሉ ሙሄ መሬት ላይ ቁጭ ያለው።

«አያ አራጋው፣ እኔ አላዳንሁትም» አለ። «ሲወድቅ አውቄአለሁ። አንድ ዙር ሙሉ እያወቅሁ ነድቻለሁ።»

ዘሀራ ከሴቶቹ መሐል ሆና «አውቃለሁ» አለች።

ሸጋው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔም አይቼው ነበር» አለ። «ነጭ ልብሱ ከጎማዬ አጠገብ ሲንከባለል። ከኋላዬ ያለው ያነሳዋል ብዬ አለፍሁ።» ሦስተኛው ሹፌርም ተነሳ፤ እሱም እንደዚያው ብሎ አልፏል። አራተኛው፣ አምስተኛውም። መጨረሻ ላይ የነበረው ታጁ የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔም ከኋላዬ ያለው ያነሳዋል አልሁ» አለ ታጁ። «ከኋላዬ ሰው አልነበረም።»

አያ አራጋው ፎጣቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ያዙ። «በሉ፣ ወደየቤታችሁ» አሉና ሄዱ። ማንም አልከለከለም፣ ማንም አልደነገገም። ቅዳሜ ደረሰ፤ አንድም ፒካፕ ሜዳው ላይ አልወጣም። በዓመቱም፣ ከዚያ ወዲህም።

ሙሄ ለወንድሙም ነገረው ይባላል። አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ቁልፉን በጣቱ ሳያሽከረክር።

«አንድ ዙር ነው ያለፍኸኝ?» አለ ይመር።

«አንድ።»

«እኔ እዚያ ተኝቼ ስቆጥር ሦስት መስሎኝ ነበር» አለና ሆዱ ሳቀ፤ ወዲያው እግሩን አመመውና አቋረጠ።

ሙሄ በረሃ አልወረደም። ከዚያ በኋላ መቀመጥ ለመደ የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ጭራሽ ባሰበት፣ ሌሊት ሌሊት እንኳ ተነስቶ ይመር ቤት በር ላይ ይቆም ነበር የሚሉም አሉ። የተስማሙበት አንድ ነገር ነው። በዚያ ሳምንት ገበያ ሲወጣ ሁሉም አንደኛውን ቦታ ለእሱ ትተውለት ነበር። እሱ ግን ቦታውን አልፎ፣ ዞሮ፣ መጨረሻ ላይ ቆመ። ሽንኩርቱም በአራተኛው ዓመት ሸተተ።

እስከ ዛሬ በሀሮዬ ገበያ የፒካፕ ሰልፍ የሚጀምረው ከሁለተኛው ነው። ከፊት አንድ መኪና የሚያስቆም ባዶ መሬት ይተዋል። ከሌላ አገር የመጣ ሹፌር ዕድል የቀናው መስሎት እዚያ ሲቆም ተራ አስከባሪው መጥቶ በሩን ያንኳኳል።

«ወንድሜ፣ ከዚህ አንሳ።»

«ለምን? ባዶ አይደል እንዴ?»

«ሰው አለው። ገና አልደረሰም።»

እንግዳው እያጉረመረመ ወደ ኋላ ይመለሳል። ነጋዴውም ባዶውን መሬት በእግሩ ተሻግሮ ሁለተኛው ዘንድ ይደርሳል። ሽንኩርት በኋለኞቹ መኪኖች ላይ ዛሬም ይሸታል፤ በተራ ምክንያት ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። ያንን ቦታ ግን ይገባኛል ያለ ሰው እስካሁን አልተሰማም ይባላል።