እንጉዳይ ከኛው ኩሬ ቄጠማ ፈለገች

ልጅ ከውሃ የሚጠበቀው የኩሬው ዳር ሲመነጠር ነው ወይስ ሲሸፈን? ስንት ቀን አሰብኩት፤ እስካሁን አላወቅሁትም። እናቴ ወለላ ብትኖር እሷን እጠይቅ ነበር። እሷ የለችም፤ ኩሬዋ ግን ከጓሯችን፣ ከጌሾው ወዲያ አለ።

ልጅ ሳለሁ የዚያ ኩሬ ዳር አይታይም ነበር። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ቄጠማ፣ ጠለቅ በሚልበት ደንገል፣ ከላይ ደረቁ መሬት ላይ ኮባ። "ተክልም እንደ ሰው ነው፤ ቁመቱን አይተሽ ነው የምታቆሚው" ትል ነበር እናቴ። የቀዳም ስዑር ዕለት ጠዋት ቄጠማውን በማጭድ ታጭዳለች፤ ከሥሩ አትነቅልም። አንድ ሸክም ቤተ ክርስቲያን ትወስዳለች። ቄሱ ባርከው ለሕዝቡ ሲያድሉ፣ የደረሰንን ዘለላ ራሴ ላይ ታስርልኝና ጠጋ ብላ "የኛው ናት፣ አወቅኋት" ትለኛለች። እንዴት እንደምታውቅ እንጃ። ብቻ ቅዝቃዜው እስከ ዛሬ ግንባሬ ላይ አለ።

እንጉዳይ የኔ ልጅ ናት፤ አምስት ዓመቷ ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን ይህን አወራሁላት። ምነው አፌን በያዝኩት!

"እማ፣ እኔም ከኛው ኩሬ ቄጠማ እፈልጋለሁ" አለች።

ይኸው ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ጨነቀኝ። አያቷን አላየቻትም። ያቺ ዘለላ ካልደረሰቻት አያቷ በምን ትደርሳታለች?

እጇን ጥብቅ አድርጌ ይዤ ሄድኩ። ኩሬውን ከከበበው የእሾህ አጥር ውጭ ቆምኩ። ወዲያ ጭቃው ላይ አንድ የገረጣ ቄጠማ አለ።

"ቄጠማ ቄጠማ፣ ለእንጉዳይ ብቀልላት" አልኩ።

"አልበቅልም" አለ ቄጠማ። "ዳሩ አይይዘኝም። ሥር በሰደድኩ ቁጥር እየተናደ ይቀብረኛል።"

ወደ ዳሩ ዞርኩ። "ዳር ዳር፣ ቄጠማን ያዝልኝ። እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ።"

"አልይዝም" አለ ዳሩ። "እኔንስ ማን ይዞኛል? ዱሮ ደንገል በሥሩ ያቅፈኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ነኝ፤ ዝናብ ሲመታኝ እናዳለሁ።"

ደንገል ጣት የምታህል ቡቃያ ከውሃው ብቅ አድርጓል። "ደንገል ደንገል፣ ዳሩን እቀፍልኝ። እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ።"

"አላቅፍም" አለ ደንገል። "አንገቴን ባወጣሁ ቁጥር ፍየልሽ ትቀነጥበኛለች።"

ፍየሏ ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ነጭ ነው። የእሾህ አጥር ለሰው እንጂ ለፍየል ምኗም አይደል፤ ቅጠሉን እየለቀመች ትሾልካለች። "ቦራ ቦራ፣ ደንገሉን ተይልኝ። እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ።"

"አልተውም" አለች ቦራ እያመነዠከች። "ጾም የምትይዙት እናንተ፤ እኔ ምን አገባኝ? ገመድ ካለሽ እሰሪኝ።"

ገመዱ ደጃፍ ላይ ወድቋል። "ገመድ ገመድ፣ ቦራን እሰርልኝ። እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ፤ ቦራ አልተው አለች።"

"አላስርም" አለ ገመዱ። "ስንቴ ተበጠስኩ? ስንቴ ቋጠርሽኝ? ቋጠሮ ብቻ ሆኜ ቀረሁ። አያ ጓንጉል እንደ አዲስ ይግመዱኝ።"

አያ ጓንጉል ጎረቤታችን ናቸው። ደጃቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ገመድ ሲገምዱ ነው የሚውሉት። አፌን ስከፍት እንጉዳይ ቀደመችኝ፤ ለካ በቃሏ ይዛዋለች።

"አያ ጓንጉል፣ ገመድ ይግመዱልን! እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ፤ ቦራ አልተው አለች፤ ገመዱ አላስር አለ!"

"አልገምድም!" አሉ እየሳቁ። "በምን ልገምድ? በጢሜ? አንቺ የወለላ ልጅ፣ ከእናትሽ ኮባ ልጥ አምጪልኝ እንጂ።"

ኮባው ጋ ሄድን። ቅጠሉ ተንጠልጥሏል። "ኮባ ኮባ፣ ልጥ ስጠን። እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ፤ ቦራ አልተው አለች፤ ገመዱ አላስር አለ፤ አያ ጓንጉል አልገምድ አሉ።"

"አልሰጥም" አለ ኮባ። "ከጠማኝ ስንት ጊዜዬ! ልጤ ደርቆ እንደ ገለባ ይሰባበራል። ኩሬው ከዚህ ሦስት እርምጃ ነው፤ የሚያጠጣኝ ግን አጣሁ።"

ተመልሰን አጥሩ ጋ ቆምን። "ኩሬ ኩሬ፣ ኮባን አጠጣልን" አልን ሁለታችን። "እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ፤ ቦራ አልተው አለች፤ ገመዱ አላስር አለ፤ አያ ጓንጉል አልገምድ አሉ፤ ኮባ አልሰጥ አለ።"

"አላጠጣም" አለ ኩሬው። "እኔ እግር የለኝ፤ ወደ ኮባው አልሄድ። አጥር ላይ ቆሞ ከመጣራት የሚቀዳኝ ሰው ይግባ።"

እሾሁን ነካ አድርጌ እጄን ሰበሰብኩ።

"እማ፣ ደንገሉን ማን ነቀለው?" አለች እንጉዳይ።

መልሱን አውቀዋለሁ። እሷ መራመድ የጀመረች ጊዜ ፍርሃት ገባኝ። ደንገሉ መሃል ገብታ ብትሰወርብኝስ? ሳላያት ብትሰምጥስ? ገጀራ አነሳሁና ዳሩን መነጠርኩት፤ ደንገሉንም ቄጠማውንም ከነሥሩ። እናቴ ስንት ዓመት የተከለችውን እኔ በአንድ ቀን ጨረስኩት። ክረምት ሲመጣ ዳሩ ተናደ፤ ጭቃው አዳላጭ ሆነ። ይባስ ፈራሁና በእሾህ አጠርኩት። ከዚያ ወዲህ እግሬ አልረገጠውም።

"እኔ ነኝ" አልኳት። "ፈርቼ ነው።"

እንጉዳይ ትንሽ አሰበችና ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። "እንጉዳይ ቄጠማ ፈለገች፤ ቄጠማ አልበቅል አለ፤ ዳሩ አልይዝ አለ፤ ደንገል አላቅፍ አለ፤ ቦራ አልተው አለች፤ ገመዱ አላስር አለ፤ አያ ጓንጉል አልገምድ አሉ፤ ኮባ አልሰጥ አለ፤ ኩሬው አላጠጣ አለ፤ እማም አልገባ አለች!"

"እሰይ የወለላ የልጅ ልጅ!" አሉ አያ ጓንጉል ከደጃቸው። "ጥፋተኛዋን አገኘሻት!"

አፈርኩ። የነጠላዬን አንድ ጫፍ የልጄ ወገብ ላይ፣ ሌላውን የኔ ወገብ ላይ አሰርኩ። እሾሁን ሳብኩና ገባሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ያው ቅዝቃዜ ነው፤ እዚያ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

እኔ ገባሁ፤ ኩሬው ኮባን አጠጣ፤ ኮባ ልጥ ሰጠ፤ አያ ጓንጉል ገመድ ገመዱ፤ ገመዱ ቦራን አሰረ፤ ቦራ እየተሳደበችም ቢሆን ደንገሉን ተወች፤ ደንገል ዳሩን አቀፈ፤ ዳሩ ቄጠማን ያዘ፤ ቄጠማ በቀለ!

በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ሁዳዴው ሙሉ ሄደበት። በየሦስት ቀኑ ኮባውን አጠጣሁ። የተናደውን በድንጋይ ደገፍኩ። ጭቃ ውስጥ የቀረውን የደንገል ሥር አውጥቼ ውሃው ጉልበቴ ጋ በሚደርስበት መልሼ ተከልኩ። ሁሌም ከነጠላው ጋር። ጎረቤቱ ስቆብኛል፤ ይሳቅ።

ለቀዳም ስዑር ሸክም አልወጣውም፤ አንዲት እቅፍ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወስደን ከሌላ ሰው ቄጠማ ጋር ተቀላቀለ። ቄሱ ባርከው አደሉ። የደረሰንን ዘለላ እንጉዳይ ራስ ላይ አሰርኩላት። የኛ ትሁን የሌላ ሰው፣ እኔ ምኑን አውቄ። እናቴ የምትለውን ልበል ወይስ መዋሸት ይሆንብኛል እያልኩ ሳመነታ፣ ልጄ ግንባሯን ዳሰስ አደረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እማ፣ የኛው ናት። አወቅኋት።"

አሁን ምክር ልለምናችሁ። ዳሩ ዙሪያውን ተሸፍኗል። ውሃ የምንቀዳባት አንዲት ክንድ ቦታ ብቻ ገላጣ ቀርታለች። ብሸፍናት መቅጃ አጣለሁ፤ ብተዋት እንጉዳይ በዚያች በኩል ብቻዋን ትሄድብኛለች። እግር ቢረግጠው የማይሞት፣ ሥሩ ጭቃ የሚይዝ፣ ቅጠሉ ልጅ የማይቆርጥ ተክል የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ምን ልትከልባት? ወይስ እንዲሁ ልተዋትና ነጠላዬን አስሬ እኔው ልቁምባት?