ስልኩ የተበላሸበት ሰው

አንዲት ጠያቂ ሴት በድሬዳዋ ከተማ ትኖር ነበር። ስሟ አመለወርቅ፣ ሥራዋም የቤት ዕቃ ንግድ ነው። የነገርን ውስጡን ሳታይ ልቧ አያርፍም። አዲስ ማቀዝቀዣ ሱቋ ሲገባ መጀመሪያ ጀርባውን ዞራ ታያለች። ቴሌቪዥን ሲበላሽ ከጠጋኙ አጠገብ ቁጭ ብላ «ይሄኛው ደግሞ ምን ይሠራል?» ትላለች። ዘመዶቿም «የአመለ ጥያቄ ከዕቃዋ ይበዛል» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ባሏ ካረፈ ከዓመታት በኋላ እሱ የተወላትን መጋዘን ሸጠች። ጉልበቷ እየደከመ ስለሆነ ገንዘቡ የእርጅናዋ መጦሪያ እንዲሆን ፈለገች። በዚያው ሰሞን «ልሳን» የተባለውን ስልክ የሚሠራው ኩባንያ አክሲዮን መሸጥ ጀመረ። ልሳን የተላከለትን መልእክት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ድምፁን አሰምቶ የሚያነብ ስልክ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ሁሉ ወደደው። ከተማው በወሬው ተሞላ። አክሲዮኑን ያልገዛ ሰው ቆሞ ቀር ተባለ።

ታናሽ ወንድሟ መኩሪያ ባጃጁን ሸጦ አክሲዮን ገዛና እየተጣደፈ ወደ እሷ መጣ።

«እቴ አመለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሽያጩ ሊዘጋ ነው እኮ!»

«ኩባንያው ምን ዓይነት እንደሆነ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ምኑን ነው የምታውቂው? ስልኩን በየሰዉ እጅ አላየሽም?»

«ስልኩንማ አየሁ። ኩባንያውን ግን ገና አላየሁትም።»

መኩሪያ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ፣ በልጅነቷ ንግድ ወዳስተማሯት ወደ ሐጂ አብዱሰላም ሄደች። ሐጂ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ትተው ደጃፋቸው ላይ ከዛፍ ጥላ ሥር ይውላሉ።

«ሐጂ፣ ይሄን አክሲዮን ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?»

«ሰው ጠይቀሻል?»

«ጠይቄአለሁ። ሁሉም ያመሰግነዋል።»

«ሁሉም ስትይ እነማን ናቸው?»

«ስልኩን የያዙት ናቸዋ።»

ሐጂ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ትናንት የተዳረች ሙሽራ ስለ ትዳሯ ብትጠየቅ ምን ትላለች? ይልቅ ሂጂና ስልኩ የተበላሸበትን ሰው ፈልጊ። ነጋዴ ማንነቱ የሚታወቀው የሸጠው ዕቃ ተመልሶ ሲመጣበት ነው።»

አመለወርቅ በማግስቱ ፍለጋ ጀመረች። ስልክ የሚጠግኑትን ልጆች ሱቅ ለሱቅ ዞራ ጠየቀች። ሁሉም ተመሳሳይ ነገር ነገሯት። የድሬዳዋ አቧራ የልሳንን ቻርጀር መሰኪያ ቶሎ ይጎዳዋል፤ ኩባንያው ግን መለዋወጫ አያቀርብም። በመጨረሻ አንዱ ጠጋኝ «ከዚራ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ዓይነ ስውር ዳኛ አሉ። መለዋወጫ መጣ ወይ እያሉ ሁልጊዜ ይመላለሳሉ» አላት።

ዳኛ ኃይለልዑል ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የዓይናቸው ብርሃን የጠፋው። በራቸውን ራሳቸው ከፈቱላት። የመጣችበትን ጉዳይ ስትነግራቸው የሞተውን ስልክ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የማይሠራ ስልክ ለምን ይዘው ይዞራሉ፣ ጌታዬ?» አለች፤ መጠየቅ ልማዷ ነውና።

«ሌላውን ሁሉ ሞከርኩ፣ እሜቴ። እንደዚህ በቋንቋዬ የሚያነብልኝ አላገኘሁም።»

«ከኩባንያው ምን አሉዎት?»

«አዲስ ይግዙ አሉኝ። ገዛሁ። እሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። ሦስተኛ ለመግዛት የጡረታ አበሌ አይፈቅድልኝም።»

«እስከዚያው መልእክት ሲመጣልዎ ታዲያ?»

«ሲም ካርዱን ሌላ አሮጌ ስልክ ላይ አደርግና ጎረቤት ያነብልኛል። ባለፈው ልጄ ስለ ትዳሯ ችግር ጽፋልኝ ነበር። የእሷን ገበና ከእኔ በፊት ጎረቤቴ ሰማው። ከአባቴ የምደብቀው ነገር የለም ብላ ነው የጻፈችው፤ ጎረቤት እንደሚያነብልኝ ግን አታውቅም። አሁን እንዳትጽፍልኝ ነግሬያታለሁ። ያ ስልክ በደህናው ጊዜ የሰጠኝ ነገር ምን መሰለዎት? ምስጢር ነው። እንደ ማንኛውም ሰው የራሴ ምስጢር ነበረኝ።»

አመለወርቅ ከዚያ ቤት የወጣችው ሁለት ነገር ተምራ ነው። ዕቃው በእርግጥ ድንቅ ነው፤ ዕቃውን የሠራው ቤት ግን ከሸጠ በኋላ ፊቱን ያዞራል። ይህ ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች።

የአክሲዮኑ ሽያጭ በሚዘጋበት ቀን ኩባንያው የገዙትንና ሊገዙ ያሰቡትን በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ሮቤል የሚባል ትሑት መሐንዲስ ነው። ስለ ስልኩ ሽያጭ እድገት ተናግሮ ሲጨርስ አመለወርቅ እጇን አወጣች።

«ስልካችሁ ሲበላሽ ሰው የት ይሂድ?»

ሮቤል አልሸሸም። «እውነቱን ልንገርዎት፣ እናቴ። የጥገና ቤት የለንም። ብንከፍት ደስ ይለኝ ነበር፤ ወጪው ግን ለባለአክሲዮኖች የሚከፈለውን ትርፍ በጣም ይቀንሰዋል። ይህን ሐሳብ ለነባሮቹ ባለአክሲዮኖች አቅርቤ አልተቀበሉኝም።»

«ትርፍ የሚቀንስ ነገርማ ይቅር!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዳራሹ አጨበጨበ። መኩሪያም ከአጨብጫቢዎቹ አንዱ ነበር።

አመለወርቅ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በዳኛው ላይ በሩን የዘጋው አንድ ክፉ አለቃ ይመስላት ነበር። ለካ በሩን የዘጉት እንደ እሷ ያሉ፣ ለእርጅናቸው የሚያስቡ፣ ማንንም መጉዳት የማይፈልጉ ሰዎች ናቸው። አሁን እሷ ልትቀመጥ የመጣችው ከእነሱ ጋር ነው። «ባልገዛ እጄ ንጹሕ ነው» አለች በልቧ፤ «የዳኛው ስልክ ግን እንደሞተ ይቀራል። ብገዛ ደግሞ የተነገራቸው መልስ የእኔም መልስ ይሆናል።»

ብዙ አሰበች፤ ባለአክሲዮን ብትሆን በጉባኤ ድምፅ እንደሚኖራትም ተረዳች። በመጨረሻ ከመጋዘኑ ገንዘብ ላይ ቀንሳ፣ ብታጣው የማያስርባትን ያህል ብቻ አክሲዮን ገዛች። የቀረውን ባንክ አስቀመጠችው።

ከገዛች በኋላ በተካሄደው የመጀመሪያ ጠቅላላ ጉባኤ ተነሥታ «ትርፍ ከመከፋፈላችን በፊት የጥገና ቤት እንክፈት» አለች። ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፈች። ከተቃወሟት እጆች መካከል የወንድሟን እጅ ስታይ ልቧ አዘነ። ቂም ግን አልያዘችም። ከጉባኤው ሲወጡ ያገኘችውን ባለአክሲዮን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ «እባካችሁ፣ በየሰፈራችሁ ስልኩ የተበላሸበትን አንድ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ። እኔን አትመኑኝ፤ እሱን ስሙት።»

ጥቂቶቹ ችላ አሉ። ብዙዎቹ ግን ነገሩ አጓጓቸውና ጠየቁ። አንዳንዱ የፈለገውን ሰው ሩቅ ሳይሄድ ከገዛ እናቱ ቤት አገኘው። በተከታዩ ዓመት ጉባኤ ያው ሐሳብ ሲቀርብ በጥቂት ድምፅ ብልጫ አለፈ። የዚያ ዓመት ትርፍ ቀነሰ፤ መኩሪያ ተቆጥቶ እህቱን ለወራት አላነጋገራትም።

በድሬዳዋ የጥገና ቤት ሲከፈት አመለወርቅ ዳኛውን ይዛ ሄደች። ጠጋኙ መሰኪያውን ቀየረ፤ ስልኩ ነፍስ ዘራ። ቤታቸው ሲመለሱ ዳኛው ለልጃቸው ደውለው «እንግዲህ ጻፊልኝ» አሏት። ወዲያው መልእክት ገባ። አመለወርቅ ምን ይሆን ብላ ጆሮዋን አቀናች።

«እሜቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ዳኛው በቀስታ፤ «ብቻዬን ልስማው።»

እሷም ተነሣች፤ ወጥታም በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችላቸው። ልጅቷ ምን ብላ እንደጻፈች ዛሬም ድረስ አልጠየቀችም።

አመለወርቅ በዚያ አክሲዮን ሀብታም አልሆነችም፤ አልከሰረችምም። ኩባንያው ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ የለም። እሷ ግን የገዛችውን ነገር ታውቀዋለች።

ወዳጄ ሆይ፣ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ትርፍ ብቻ የሚገዛ ይመስለዋል። ነገር ግን በእሱ ገንዘብ የሚሠራውን መልካም ሥራም፣ በእሱ ገንዘብ የሚዘጋውን በርም አብሮ ገዝቷል። ስለዚህ «ምን ያህል ያተርፈኛል?» ብለህ ስትጠይቅ እዚያ ላይ አታቁም፤ «የማን ባለቤት፣ የምንስ ተጠያቂ እሆናለሁ?» ብለህም ጠይቅ። ደግሞም ዕቃውን ከሚያሞግሱት ይልቅ ዕቃው ከተበላሸባቸው ሰዎች ዘንድ ብትሄድ ብዙ ትማራለህ።

አንተስ፣ ገንዘብህን ባስቀመጥክበት ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው በስምህ ምን መልስ እየተሰጠው እንደሆነ ታውቃለህ?