ውሃው ከዚህ አልፎ አያውቅም

ተረት አለኝ፤ የሚያስቅ ስላልሆነ ሳቅ አትጠብቁ።

ጥንቸሎች ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ጉድጓድ ሊቆፍሩ ወደ አንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ወረዱና አያ ኤሊን ምክር ጠየቁት። ኤሊ አንዴ ያየውን አይረሳም።

"ስልሳ ክረምት አይቻለሁ። ውሃው ከዚህ ጥቁር ድንጋይ አልፎ አያውቅም፤ ከሱ በላይ ቆፍሩ" አላቸው።

ሚዳቋ ግን ቦታውን ስታይ ሰውነቷን ነዘራት። "ተዉ፣ እዚህ አትቆፍሩ። ጉድጓዳችሁ ባዶ ሆኖ ይታየኛል" አለች።

"ምን አይተሽ ነው?" አላት ኤሊ።

"በዓይኔ ያየሁት የለም፣ አያ ኤሊ። ዝም ብሎ ይታወቀኛል።"

"አታሟርቺብን!" ብለው ጥንቸሎቹ ጮኹባትና ቆፈሩ።

በዚያው ክረምት ጎርፉ ድንጋዩን አልፎ ልጆቻቸውን በሙሉ ጠርጎ ወሰደ። ጥንቸሎቹ አልቅሰው ሲያበቁ ሚዳቋን ከአገር አባረሯት። "አፍሽ ነው ያመጣብን!" አሏት።

በበጋው እንደገና አያ ኤሊን ጠየቁት። ኤሊም ጎርፉ የደረሰበትን በደንብ አስታውሶ ትንሽ ከፍ ብሎ ወዳለ ግራር ወሰዳቸው።

"ውሃው ከዚህ አልፎ አያውቅም" አላቸው።

የሚያሟርትባቸው ስላልነበረ ደስ ብሏቸው ቆፈሩ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን አትንኩብኝ።