የውሃው መጽሐፍ

አንድ ገበሬ ነበረ። ሶልያና ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለምርምር ጽሑፍሽ ከቆዳ ፋብሪካው በታች የሚኖሩትን እናቶች ጠይቀሽ፣ የወንዛቸውን ውሃ አስመርምረሽ፣ ጽፈሽ ከፍተኛውን ማርክ አግኝተሻል። አሁን «ሥራው አልቋል፤ ወደ እናቶቹ የመመለስ ግዴታ አለብኝ ወይ?» አልሽኝ። መልሱ ያለው ገበሬው ቤት ነውና ተቀመጪ።

ገበሬው የሚኖረው በስምጥ ሸለቆ፣ ውሃ በሚርቅበት ቆላ ነበር። መንደሩ ከጥንት ጀምሮ የሚቀዳው የአንድ ሰዓት መንገድ ተሂዶ ከሚገኝ ምንጭ ነው። ኋላ ግን እመንደሩ መሀል ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረና የእጅ ፓምፕ ተተከለ። የሴቱ ወገብ አረፈ። ገበሬውም ከሦስት ልጆቹ በሕይወት የቀረችለት አንዲት ልጅ ብቻ ስለነበረች፣ ትርንጎዬ እንደ እናቷ እንስራ ተሸክማ አትጎብጥም ብሎ ደስ አለው።

ጉድጓዱ በተቆፈረ በዓመቱ ከከተማ አንዲት ተማሪ መጣች። የምትማረው እንደ አንቺ የዓለምን ዩኒቨርሲቲዎች በር ይከፍታል የሚባለውን ትምህርት ነው፤ ያን እንቅልፍ የሚነሳውን፣ ረጅም ጽሑፍ የሚያስጽፈውን፣ ለኅብረተሰብ የተሰጠ አገልግሎት በሰዓት እየተቆጠረ የሚመዘገብበትን። ገበሬው መደቡን ለቀቀላት፤ ራሱ መሬት ላይ ተኛ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጠርሙሶቿን ተሸክሞላት ዞረ። ትርንጎ በቀን ስንት ኩባያ እንደምትጠጣ ጠየቀችው፣ የልጅቱን ጥርስ አየች፣ ፎቶ አነሳች። እሱም ውሃው ምን አለበት ብሎ ጠየቃት። ውጤቱ ከላብራቶሪ ሲመጣ እነግርዎታለሁ አለችው። ስትናገር ከልቧ ነበር።

ውጤቱ መጣ። ውሃው ጥርስ የሚያበልዝ፣ የሕፃናትን አጥንት የሚያጎብጥ ማዕድን ሞልቶበታል። ተማሪዋ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ፣ በሠንጠረዥና በግርጌ ማስታወሻ አሳምራ ጻፈችው። ባሕር ማዶ ያሉ ፈታኞች አደነቁት። ከዚያ ሌላ ፈተና ደረሰባት፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ፣ ከዚያ ቪዛ። ገበሬውን ግን አልረሳችውም። ጽሑፏን በጠንካራ ልባስ አስጠርዛ፣ ፊት ለፊቱ ላይ የእሱንና የትርንጎን ፎቶ አድርጋ፣ ለምስጋና በአባቷ ሾፌር ላከችለት። ሾፌሩም ሰጥቶት፣ ስለ እናንተ ተጽፎ ውጭ አገር ተሸልሟል ብሎት ሄደ።

ገበሬው ወረቀት የሚያከብር ሰው ነው። የአገራችን ሰው ማኅተምና ልባስ ያለበት ነገር ሲያይ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ከመሬት ደብተሩ ጋር በሳጥን ቆለፈበት። የእጅ ጣት እንዳያቆሽሸው ለማንም አያስነካም ነበር። እንግዳ ሲመጣ አውጥቶ ፎቶውን ያሳይና፣ ውሃችን ባሕር ማዶ ድረስ ተመስክሮለታል ይላል።

ሦስት ዓመት እንዳለፈ አንዲት ባልቴት በመንደሩ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ይህ ጉድጓድ የልጆቻችንን ጥርስ አበለዘው፣ ወደ ድሮው ምንጫችን እንመለስ አሉ። ገበሬው ቤቱ ሮጦ መጽሐፉን አመጣና ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «የተማረ ሰው የመረመረውን ውሃ ነው እርስዎ የሚያሙት?» አላቸው። ሰው ሳቀባቸው። ባልቴቷም አፍረው ተቀመጡ፤ የምንጩንም ነገር ከዚያ ወዲህ ያነሳ የለም።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ትርንጎ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እግሮቿ ከጉልበታቸው ወደ ውጭ ጎበጡ። መሮጥ ተወች፤ ኋላም በትር ሳትይዝ መቆም አቃታት። አባቷ ጠበል ወሰዳት፣ ወጌሻ አሻት። ውሃ ጠጪ፣ ያጠነክርሻል እያለም በገዛ እጁ ከጉድጓዱ እየቀዳ አጠጣት።

በመጨረሻ አንድ አዲስ ጤና መኮንን ልጅቱን ሊያይ ቤታቸው ገባ። የክትባት ካርዷን ሲጠይቅ ገበሬው ሳጥኑን ከፈተ፤ በዚያውም ለእንግዳው ክብር ብሎ መጽሐፉን አውጥቶ ሰጠው። ጤና መኮንኑ ቆሞ አንድ ገጽ አነበበ፤ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠ።

«አባቴ፣ ይህ እርስዎ ዘንድ ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«ስድስት ዓመቱ።»

«ምን እንደሚል የነገረዎት ሰው አለ?»

«ስለ እኛ ደግ ደጉን ነው የሚለው» አለ ገበሬው።

ጤና መኮንኑ በአማርኛ እየመለሰ አነበበለት። ሕፃናት ከዚህ ጉድጓድ ፈጽሞ መጠጣት የለባቸውም፤ የድሮው ምንጭ ንጹሕ ነው፤ መንደሩ በቶሎ ቢመለስ ጉዳቱን ማስቀረት ይቻላል፤ ይላል።

ገበሬው ልጁን አያት። «አንድ ሰዓት መንገድ ነው እኮ» አለ። «በጀርባዬ አዝዬ ባመጣሁላት።»

በማግስቱ መንደሩ ወደ ምንጩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ልጆች ደኅና ናቸው። የትርንጎ እግር ግን አልተቃናም፤ አይቃናምም።

እንግዲህ ልጄ፣ ያቺ ተማሪ ክፉ አልነበረችም። ሰነፍም አልነበረችም። የሰውየውን መደብና ጉልበት ወሰደች፣ የልጁን አፍ ከፍታ አየች፣ ያገኘችውን እውነት ግን ለማያውቋቸው ፈታኞች አስረክባ ሄደች። ከቆዳ ፋብሪካው በታች ያሉት እናቶችም በራቸውን የከፈቱልሽ ለማርክሽ ብለው አይደለም። ምን እየጠጡ እንደሆነ ትነግረናለች ብለው ነው። አንቺ ታውቂያለሽ፤ እነሱ ዛሬም ጠዋት ከዚያው ወንዝ ቀድተዋል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። የዚያች ተማሪ አማካሪ መምህር እኔ ነበርሁ። ቃላቱን ቆጥሬ፣ ምንጮቹን አመሳክሬ፣ ግሩም ሥራ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ልጠይቃት ሲገባኝ ያልጠየቅኋት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። አንቺን ግን ሳልጠይቅ የአገልግሎት ሰዓትሽን አልፈርምልሽም። ነግረሻቸዋል?