አንድ ሶኬት ለስንዱ ቆጥ

ላውራ ወይስ ልተው? አውራ ካላችሁኝ ወዲህ ጠጋ በሉ። መሀል ላይ ሰለቸኝ ብሎ መነሳት ግን የለም፤ ነገሩ ረጅም ስለሆነ እኔም እየደጋገምኩ ነው የማስታውሰው።

ሞጆ ውስጥ ስንዱ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት። ታችኛውን የአባቷ የአቶ ወርቅነህ አልጋ ይዞታል፤ እሳቸው ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ብዙም አይነሱም። ስለዚህ ስንዱ ከጣሪያው ሥር በጣውላ ቆጥ አሠራች፤ ባለ ሞተር የስፌት መኪናዋንም እዚያ ላይ አወጣች። ቆጡ ደረጃ አለው፤ መስኮትም አለው፤ ሶኬት ግን የለውም። ከታች መብራት በማከፋፈያ ስባ ሞከረች። ሽቦው ጋለ፤ ላስቲክ ላስቲክ ሸተተ። አባቷም "ልጄ፣ ቤቱን ከነሽማግሌው ልታነጂው ነው?" አሉ። ነቀለችው። ሰኞ ደግሞ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ የሠላሳ ልጆች ዩኒፎርም ተቆርጦ ቆጡ ላይ ተቀምጧል። የመጀመሪያ ትልቅ ሥራዋ ነው፤ ካላደረሰች ለሌላ ሰፊ ሊሰጥባት ነው። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ስንዱም ጨንቋታል።

ወደ ኤሌክትሪሺያኑ ሄደች።

"ጋሽ ሸዋንግዛው፣ እባክዎ ቆጤ ላይ ሶኬት ያስገቡልኝ።"

"ደስ ይለኛል የኔ ልጅ። ግን ሽቦው ከቆጣሪው ተነስቶ በጣሪያው ጠርዝ ነው የሚሄደው። የኔ መሰላል ክረምቱን ተሰብሯል፤ የእድሩን አስወጪልኝ።"

ሸዋንግዛው አልወጣም አለ፤ ቆጡም ያለ ሶኬት ቀረ።

ወደ እድሩ እቃ ቤት ሄደች። ጠባቂው አቶ ደጀኔ ቁልፉን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ በር ላይ ተቀምጠዋል። እኚህ ሰው ከቁልፉ ጋር የተወለዱ ነው የሚመስሉት።

"ስንዱ፣ ደንቡን ታውቂያለሽ። የወጣ እቃ ሳይመለስ ሌላ እቃ አይወጣም። ድንኳኑ እትዬ ጦቢያ ጋ ነው፤ ለልጃቸው ሰርግ ወስደው ይኸው ሁለት ሳምንት። እሱን አስመልሺ፤ መሰላሉን ውሰጂ።"

እቃ ቤቱ አልከፈትም አለ፤ ሸዋንግዛው አልወጣም አለ፤ ቆጡም ያለ ሶኬት ቀረ።

ወደ እትዬ ጦቢያ ሄደች። እትዬ ጦቢያ ገና ከበሩ አንገታቸውን ደፉ።

"ምን ዓይን አለኝ ብዬ ልመልሰው? ሙሽራውን ሲያጅቡ ችካሉ ሸራውን ያዘውና ከዚህ እስከዚህ ተተረተረ። የእድር ድንኳን ቀድጄ እንዴት እመልሳለሁ፣ ለቀብሬስ ማን ይመጣል? ሸራ ሰፊው ያለው ገበያ ነው፣ ሩቅ ነው፤ ድንኳኑን የሚጭን ጋሪ አምጪልኝ።"

"እኔ እሰፋልዎ ነበር፤ ግን መኪናዬ ሶኬት የላትም" አለች ስንዱ፤ ሄደችም።

ድንኳኑ አልመለስም አለ፤ እቃ ቤቱ አልከፈትም አለ፤ ሸዋንግዛው አልወጣም አለ፤ ቆጡም ያለ ሶኬት ቀረ።

ወደ ባለጋሪው ወደ ሻፊ ሄደች። ሻፊ ጋሪው ላይ ተጋድሞ ሸንኮራ ይመጥጣል።

"እህቴ፣ ፈረሱ አለ፤ እኔም አለሁ። ጎማው ግን ተንፍሷል። ጎሚስታው ይሙላልኝና ድንኳኑን ከነእትዬ ጦቢያ እጭናለሁ!"

ጋሪው አልጭንም አለ፤ ድንኳኑ አልመለስም አለ፤ እቃ ቤቱ አልከፈትም አለ፤ ሸዋንግዛው አልወጣም አለ፤ ቆጡም ያለ ሶኬት ቀረ።

ወደ ጎሚስታው ወደ ደምሴ ሄደች።

"ኮምፕረሰሬ መብራት አያገኝም" አላት ደምሴ። "በጣሪያ የሚመጣው ሽቦ ተበጥሷል። እስቲ ጋሽ ሸዋንግዛውን ጥሪልኝ።"

እየሮጠች ጠራችው። ጋሽ ሸዋንግዛውም ሽቦውን ከታች ቀና ብሎ አየውና "ይኼም መሰላል ይፈልጋል" አለ።

እኔ ብሆን እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቅስ ነበር። ስንዱ ግን ቤቷ ደርሳ ነው ያለቀሰችው።

"ምን ሆንሽ?" አሉ አባቷ።

"ኮምፕረሰሩ አልነሳም አለ፤ ጎማው አልሞላም አለ፤ ጋሪው አልጭንም አለ፤ ድንኳኑ አልመለስም አለ፤ እቃ ቤቱ አልከፈትም አለ፤ ሸዋንግዛው አልወጣም አለ፤ ቆጤም ያለ ሶኬት ቀረ! ዩኒፎርሙ ሊቀማብኝ ነው፣ አባባ።"

አቶ ወርቅነህ በክርናቸው ቀና አሉ።

"ድንኳኑ ምን ሆነ ነው ያልሽኝ?"

"ተቀደደ።"

"የአንቺስ ሥራ ምንድን ነው?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ግን መኪናዬ..."

"መኪናዋ ሳትኖር በምን ነበር የምትሰፊው? የኔን ሱሪ በምን ጠገንሽው?"

ስንዱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። የጆንያ መርፌና ወፍራም ክር ይዛ ወደ እትዬ ጦቢያ ግቢ በረረች፤ ድንኳኑን ጭኗ ላይ ዘርግታ በእጇ ትወጋው ጀመር። ጣቷ ቆሰለ፤ እትዬ ጦቢያ ጨርቅ አሰሩላት፤ ቀጠለች። አርብ ረፋድ ላይ የመጨረሻውን ቋጠሮ አሰረች፤ እቃ ቤቱ ቅርብ ነውና አራት ጎረምሶች ድንኳኑን በትከሻቸው ተሸከሙት።

እንግዲህ ያዙኝ፣ አሁን በአንድ ትንፋሽ ነው! ድንኳኑ ተመለሰ፤ እቃ ቤቱ ተከፈተ፤ መሰላሉ ወጣ፤ ሸዋንግዛው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ከቆጣሪው ራሱን የቻለ ሽቦ ተሳበ፤ ቆጡም ሶኬት አገኘ። አንድ ለምና ሁለት ነው ያስገባላት፤ "ሁለተኛው ለካውያሽ ነው" አለ። በዚያው መሰላል የደምሴን ሽቦ ቀጠለ፤ ኮምፕረሰሩ ተነሳ፤ ጎማው ሞላ። መሰላሉም ሳይመሽ ተመለሰ፤ አቶ ደጀኔ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አይተው ተቀበሉ።

ቅዳሜና እሁድ መኪናዋ ከቆጡ ላይ አላረፈችም። አቶ ወርቅነህ ከታች ሆነው ድምፁን ይሰማሉ፤ ትንሽ ዝም ካለ "ምነው፣ ክር አለቀ?" ይላሉ። ደስ ብሏቸዋል፤ ለመጣ ሰው ሁሉ "ልጄ ናት" ይሉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳው ዩኒፎርም ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ደጅ ወጣ። ማን ጫነው? ሻፊ በጋሪው! ስንዱም ከጎኑ ተቀምጣ፣ የታሰረ ጣቷን ቀስራ ሄደች።

ወሬዬን እዚህ ድረስ ሰፋሁት፤ ክሩን እናንተ በጥሱልኝ።