ለመርማሪው የተቀዳ ውኃ

የእጅ ጽሑፌ አያምርም፤ ፊደልም እስታለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝና ታሪኩን አንብቡት።

አንድ ትምህርት ቤት ነበር። በግቢው መካከል ተማሪዎች የሚጠጡባት ቧንቧ ነበረች። ውኃዋ ስለሚደፈርስ እናቶች ለልጆቻቸው አፍልተው በፕላስቲክ ይልኩላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከከተማ የውኃ መርማሪ መጣ። የቧንቧዋን ውኃ ታንከር ሊያይ መሰላል ሲወጣ ንጹሕ ጠርሙስ ለስንዱ ሰጣት። ስንዱ እንግዳ በመጣ ቁጥር ውኃ የምታቀርብ ተማሪ ነበረች።

"የኔ ልጅ፣ እስክወርድ ከቧንቧው ቅጂልኝ" አላት።

ከፈተችው። ቡናማ ውኃ ወረደ፤ ቀጭን ትልም አብሮ ወጣ። የስንዱ ፊት ጋለ። ለእንግዳ እንዲህ ያለ ውኃ መስጠት ነውር እንደሆነ ከልጅነቷ ታውቃለች። ወደ መምህራን ክፍል ገባችና ፈልቶ ከቀዘቀዘው ቀዳች።

መርማሪው ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስቶ "ይህማ የምንጭ ውኃ ይመስላል" አለ። ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ። ስንዱም እንግዳውን ባለማሳፈሯ ደስ አላት።

ከሳምንታት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣና ከቧንቧዋ በላይ ተለጠፈ፤ "ለመጠጥ ተስማሚ" ይላል። እናቶች ውኃ ማፍላት ተዉ። ስንዱ ብቻ ፕላስቲኳን ይዛ መምጣቷን አልተወችም።

"አንቺ፣ ማንበብ አቃተሽ እንዴ?" አለቻት አብራት የምትቀመጠው አበቡ፣ ከቧንቧዋ ጎንበስ ብላ እየጠጣች። "ወይስ ያንቺ ሆድ ከእኛ ሆድ ይበልጣል?"

ስንዱ ሳቀች። እውነቱን መናገር አፈረች። ነገ እነግራታለሁ ብላ አሰበች፤ በማግስቱም እንደዚያው አሰበች።

ክረምቱ ሲቃረብ አበቡን ሆዷን አመማት። ትኩሳቱ አልበርድ አለ። ሞተች።

በለቅሶው ድንኳን ርዕሰ መምህሩ ለጎረቤቱ "ከእኛ ውኃስ አይደለም፤ ተመርምሯል" ይሉ ነበር። የአበቡ እናት ደረታቸውን ይመቱ ነበር።

"እኔ ነኝ የገደልኳት። ያደረ ሽሮ አብልቻት ነው። በእጄ ነው ያጎረስኳት።"

ስንዱ ይህን ስትሰማ መቆም አልቻለችም። ሄዳ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"እትዬ፣ ሽሮው አይደለም" አለች።

"ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ።"

"አውቃለሁ። ለመርማሪው የሰጠሁት የቧንቧውን ውኃ አልነበረም። አስቀያሚ ስለሆነ አፍሬ የመምህራኑን ቀዳሁለት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።"

እናትየው ደረታቸውን መምታት ትተው አዩዋት።

"አንቺስ ከየት ነበር የምትጠጪው?" አሏት።

"ከቤት" አለች ስንዱ።

በማግስቱ ቧንቧዋ ተዘጋች። የአበቡ ቦታ ግን ባዶ እንደሆነ ቀረ።

ጉድለታችንን ሊያይ የሚመጣ ሰው እንግዳ አይደለም። ለእርሱ የጠራውን መርጠን ስናቀርብ፣ የደፈረሰውን ለገዛ ልጆቻችን እናስቀራለን። እናንተስ፣ የሚመረምራችሁ ሲመጣ ጠርሙሱን የምትሞሉት ከየት ነው?